«አየሩ ደህና ነው፣ ይምጡ» ያልኩበት ቀን፦ ሄሊኮፕተር ሲጠራ መሬት ላይ ያለን ሰዎች ምን እንበል?

ነርስ_ከመንዝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

መንዝ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ካቻምና ኅዳር ላይ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ ወጣት ማሽን ተገልብጦበት መጣ። ዳሌው ተሰብሯል፣ የደም ግፊቱ እየወረደ ነው። እኛ ዘንድ የሚሰጥ ደም አልነበረም፣ የአጥንት ሐኪምም የለም። አሠሪው ድርጅት ከአዲስ አበባ ሄሊኮፕተር ተኮናትሮ እንደሚልክ ነገሩን። ላይዘኗ (የሪፈር ግንኙነቱን የምትይዘው ባልደረባችን) ስላልነበረች ስልኩ ለእኔ ተሰጠኝ።

የደወለው ሰው ረጋ ብሎ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። «አየሩ እንዴት ነው? ሜዳውስ?» በመስኮት አየሁ። ከላያችን ሰማዩ ክፍት ነው፤ በምሥራቅ፣ በገደሉ በኩል ግን ጉም ተኝቷል። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ የተናገርኩት አንዱን ነው። «አየሩ ደህና ነው፣ ሜዳውም ሰፊ ነው፣ ይምጡ ብቻ» አልኩ። የዋሸሁ አልመሰለኝም። ልጁ ዓይኔ ሥር እየገረጣ ነበር፤ እንዲመጡለት ፈልጌ ነው።

እስኪደርሱ ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ የሜዳውን ግማሽ ይዞታል። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ሕዝቡ ድምፁን ሲሰማ እየሮጠ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። በሜዳው ጥግ የሚያልፈውን የመብራት ሽቦ ማንም አልነገራቸውም፤ ለእኔም ትዝ አላለኝም። ሁለት ጊዜ ዞሩና ሄዱ። ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰው አረፉ፤ እኛም ልጁን በአምቡላንስ ጭነን ተከተልናቸው። ልጁ ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማታ አብራሪው ራሱ ደወለልኝ። አልተቆጣኝም። «እህቴ፣ ሽቦውን ያየሁት ልገባበት ትንሽ ሲቀረኝ ነው። ሌላ ጊዜ የምታይውን ንገሪኝ፤ መምጣቴን ለእኔ ተይው» አለኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ ድምፁ ጆሮዬ ላይ አለ። እዚያ ውስጥ የነበሩት ሰዎችም ቤተሰብ አላቸው። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ሥልጠና ወስጄ አላውቅም፤ አብረውኝ የሚሠሩትም እንዲሁ። የምታውቁ አስተምሩን። ሄሊኮፕተር በዓመት አንዴም ላይመጣ ይችላል፤ የመጣ ቀን ግን ስልኩን የምናነሳው እኛው ነን።


ጡረተኛ_ቴክኒሻን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ልጄ፣ እንኳን ጻፍሽው። ደብረ ዘይት ከሃያ ዓመት በላይ ሄሊኮፕተር ስጠግን የኖርኩ ነኝ፤ አሁን ደብረ ብርሃን ጡረታ ላይ ነኝ።

ሽቦውን የረሳሽው አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። መሬት ላይ ያለ ሰው በየቀኑ ከሥሩ ስለሚያልፍ ሽቦ ከዓይኑ ይጠፋል። ከላይ ለሚያየውም ቀጭን ነውና አይታይም። አብራሪ የሚያየው ምሰሶ ነው፤ ሁለት ምሰሶ ካየ መሃሉ ላይ ሽቦ አለ ብሎ ይጠነቀቃል። ምሰሶው በባሕር ዛፍ ከተሸፈነበት ግን የሚያስጠነቅቀው ነገር የለም። ስለዚህ ስልኩ እንደተነሳ የመጀመሪያው ወሬ ሽቦ ይሁን። በየት በኩል እንዳለ፣ ከሜዳው ዳር ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ። ከሌለም «ዙሪያውን በእግሬ ዞሬ አየሁ፣ የለም» በይ። የቴሌ ማማም፣ የትምህርት ቤት ባንዲራ መስቀያም፣ የኳስ ጎል እንጨትም እንዲሁ።

አሁን ስለ አየሩ ልንገርሽ፤ ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ሄሊኮፕተር አየር ተደግፎ ነው የሚቆመው። አየሩ ሲሳሳ ድጋፉም ይሳሳል፣ ሞተሩም ይደክማል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። ለዚህ ከፍታ በበረራ ስሌት መደበኛ ተብሎ የሚያዘው ሙቀት ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ ነው። እኩለ ቀን ላይ 20 ዲግሪ ከሞላ ማሽኑ 3,700 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይከብደዋል። መንዝ ላይ ደግሞ መሬቱ ራሱ ከደብረ ብርሃን ይበልጣል። አብራሪው «ሙቀቱ ስንት ነው?» ሲልሽ ለወግ የጠየቀሽ እንዳይመስልሽ፤ ስንት ኪሎ ጭኖ መነሳት እንደሚችል እያሰላ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። የታካሚውን ክብደት ገምተሽ ንገሪ። አስታማሚ አብሮ ይሳፈራል ብለሽ ለቤተሰብ ቃል አትግቢ፤ ወንድም፣ እናት፣ የንስሐ አባት ሁሉ ልሳፈር ይላል፣ አይፈረድባቸውም፣ ግን አንድ ሰው 70 ኪሎ ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው ሄሊኮፕተር ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ የሚነሳ ይመስለዋል። በዚህ ከፍታ ጭነት ይዞ ጉልበቱ ላይበቃው ይችላል፤ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ እያዘቀዘቀ መግባት፣ ሲነሳም ወደፊት እየገፋ መነሳት ይፈልጋል። ሜዳው ራሱ ቢሰፋም በመግቢያውና በመውጫው በኩል ረጅም ባሕር ዛፍ ከተደረደረበት ጥሩ ሜዳ አይደለም።

ስፋቱን ብዙ አገልግሎቶች ቢያንስ 30 በ30 ሜትር ይላሉ፤ ለማታ የሚያሰፉም አሉ። የሚመጣው እንደ ሚ-8 ያለ ትልቅ ከሆነ የላይኛው ክንፍ ብቻ ከዳር እስከ ዳር 21 ሜትር ነውና 30 አይበቃውም። የትኛው ዓይነት እንደሚመጣ ጠይቂ።


አስተማሪ_ሞላሌ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ጋሼ ቴክኒሻን፣ እናመሰግናለን። አንድ ሐሳብ አለኝ። በየመንደሩ አውድማ አለ፤ ለጥ ያለ፣ ድንጋዩ የተለቀመ፣ ዛፍ የሌለበት፣ ነፋስ በደንብ የሚያገኘው። ገበሬው ምርቱን የሚያናፍስበት ስለሆነ ነፋሱ በየትኛው ሰዓት ከየት እንደሚመጣ አጥርቶ ያውቃል። አውድማዎቹን አስቀድሞ መመዝገብ አይቻልም?


ጡረተኛ_ቴክኒሻን
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

መምህር፣ ስለ ነፋሱ ያልከው ወርቅ ነው፤ ገበሬውን ጠይቁ። አውድማው ላይ ግን አይሆንም። የክንፉ ነፋስ መሬቱን ሲመታው ገለባውና እብቁ ተነስቶ ዙሪያውን ይሸፍናል። አብራሪው መሬቱን ማየት የሚያቆመው ሊያርፍ ሦስት አራት ሜትር ሲቀረው ነው፤ በዚያች ሰዓት ወደ ጎን እየሄደ ይሁን ቆሞ አያውቅም። በበጋ የታረሰ መሬትም አቧራው እንደዚያው ያደርጋል። ሣር ያለው ግጦሽ ይሻላል፤ አቧራ ከሆነ ደግሞ ቦቴ ካለ ውኃ ይረጭበት።

ቀላል ነገር ሁሉ ይነሳል። የጭድ ክምር፣ በድንጋይ ብቻ የተያዘ ቆርቆሮ፣ ድንኳን፣ የለቅሶ ቤት ዳስ፣ ጃንጥላ፣ ጋቢ፣ ነጠላ። ታካሚው የለበሰው ብርድ ልብስ እንኳ ከቃሬዛው ጋር መታሰር አለበት። ወደ ላይኛው ክንፍ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ ነጠላ ማሽን ይጥላል።

የነፋሱን አቅጣጫ ለማሳየት ጨርቅ መሬት ላይ አታንጥፉ። ኩበት ይጨስ። ከማረፊያው በደንብ ራቅ ብሎ፣ ጭሱ ወደ ሜዳው በማይመጣበት በኩል፣ ትንሽ ኩበት። አብራሪው ጭሱን ከሩቅ ያየዋል፤ ወዴት እንደሚያጎነብስ አይቶ የሚገባበትን ይመርጣል። ሊያርፍ ሲቃረብ ይጥፋ።

የኋላዋን ትንሿን ክንፍ ልጨምር። ስትዞር አትታይም። ማንም ሰው ከኋላ አይጠጋ። ከፊት፣ አብራሪው እያየው፣ በእጁ ሲጠራው ብቻ ይቅረብ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ በታችኛው በኩል እንጂ በላይኛው በኩል አይቀረብም፤ በላይኛው በኩል ክንፉ ከአንገት ጋር እኩል ይሆናል። ታካሚውን የሚያደርሱት ቃሬዛ ይዘው ነው፤ የሴረም (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) መስቀያ ዘንግ ወደ ላይ አይቁም።


ይፋት_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ሁላችሁንም አክብሬ አነበብኩ። ግን ደሜ ፈላ። ወንድሜን ያጣሁት አምቡላንስ ውስጥ፣ ዳገቱን ስንወጣ ነው። ጣርማ በር ሳንደርስ እጄ ላይ አለፈ። ለእኛ ሄሊኮፕተር የሚልክ ማንም አልነበረም። አሁን ስለ ገለባና ስለ ኩበት ጭስ ትነጋገራላችሁ። ነርሷ «ይምጡ» ማለቷ ምን ጥፋት አለው? ሰው እየሞተ አብራሪው ጉም ፈራሁ ካለ ለምን ያንን ሥራ ያዘ? እኔ ብሆን «ልጁ እየሞተ ነው ና!» ብዬ እጮህበት ነበር።

አበበ ቢቂላ እንኳ፣ የዚሁ አገር ልጅ፣ መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ሌሊቱን ሙሉ ውስጡ ተይዞ አደረ። ያወጡት ጠዋት ነው። አገር ያኮራ ሰው እንደዚያ ካደረ ድሃውማ እንዴት ይሁን?


ደብረሲና_ሚኒሶታ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡10

ወንድሜ ይፋት፣ የወንድምህን ነፍስ ይማር። ደብረ ሲና ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ያንን ዳገት አውቀዋለሁ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በአየር አምቡላንስ የመገናኛ ክፍል እሠራለሁ። አብራሪ ሲነሳ ወንበሬ ላይ ሆኜ የምከታተለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያልከውን ቃል በቃል መመለስ እፈልጋለሁ።

እኛ ዘንድ ጥሪ ሲመጣ አብራሪው ስለ ታካሚው አይነገረውም። ዕድሜው፣ ጉዳቱ፣ ይሙት ይዳን፣ ምንም። የሚነገረው ከየት ወዴት፣ ምን ያህል ክብደት፣ ምን ዓይነት አየር ብቻ ነው። «መሄድ እችላለሁ» ወይም «አልችልም» ካለ በኋላ ነው ሌላውን የሚሰማው። ይህ የመጣው ከጭካኔ አይደለም። አብራሪም የሰው ልጅ ነው። «የስድስት ዓመት ሕፃን ነው» ካልከው በሌላ ቀን የማይገባበት ጉም ውስጥ ይገባል። ገብቶ ከወደቀ ሕፃኑም፣ ነርሱም፣ እሱም ያልቃሉ። ጉም ውስጥ ሰማይና መሬት ሲጠፋ የሰው ጆሮ ይዋሻል፤ እያጋደለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። በ1954 እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ ብቻ እያዩ የመብረር ሥልጠና ያልወሰዱ 20 አብራሪዎችን ውጭ እንዳያዩ አድርጎ ሞክሯቸው ነበር። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ የቆዩበት አማካይ ጊዜ 178 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ዛሬ ሥልጠናውም መሣሪያውም ተሻሽሏል፤ ሆኖም በዓይኑ መሬት እያየ ለሚበር ሄሊኮፕተር፣ ገደል ባለበት አገር፣ ጉም አሁንም ያው ጉም ነው።

ስለዚህ «እየሞተ ነው ና!» ብለህ ብትጮህ ያንን ሰው ወደ ጥሩ ውሳኔ አልገፋኸውም። ነርሷ እህታችን ይህን ስለተረዳች ነው እዚህ የጻፈችው፤ አከብራታለሁ።

የእኛን አሠራር ትንሽ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አደጋ ከደረሰ በኋላ በ2014 እ.ኤ.አ. ሕጉ ጠበቀ። 10 እና ከዚያ በላይ የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ያለው ድርጅት የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንዲኖረው ተገደደ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ሠልጥኖ የተፈተነ ነው፤ አየሩን ይከታተላል፣ ከበረራ በፊት የሚሞላውን የአደጋ ግምት ከአብራሪው ጋር ያያል፣ በአንድ ፈረቃም ከ10 ሰዓት በላይ አይሠራም። ደክሞት የሚሳሳት አብራሪ ብቻ አይደለምና።

ከመነሳቱ በፊት የምንይዘው ስንት ሰው እንደተሳፈረ፣ ለስንት ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ እንዳለና በየት በኩል እንደሚሄድ ነው። ከተነሳ በኋላ ቢበዛ በየ15 ደቂቃው የት እንዳለ እናውቃለን። ዝም ካለ ፍለጋው የሚጀምረው ከመጨረሻዋ ነጥብ ነው፤ ያች ነጥብ ካልተጻፈች አገር ሙሉ ይፈለጋል።

ሌላ ልማድ አለን። አብራሪው፣ ነርሱ፣ ረዳቱ ሦስቱም «እንሂድ» ሲሉ ብቻ ይኬዳል፤ ከሦስቱ አንዱ «ይቅርብን» ካለ ይቀራል፣ ለምን አልክ ተብሎም አይወቀስም። አንድ ድርጅት በአየሩ ምክንያት እምቢ ካለ ደግሞ ለሌላው ሲደወል «እገሌ በጉም ምክንያት ተመልሷል» ተብሎ መነገር አለበት። ያንን ደብቆ እሺ የሚል እስኪገኝ መደወል ሰው ገድሏል።


ይፋት_ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

አመሰግናለሁ ወንድሜ። የተቆጣሁት በአብራሪው እንዳልነበር ገባኝ። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። «አልችልም» ካለ ታካሚው ምን ይሁን?


ደብረሲና_ሚኒሶታ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡25

ጥያቄህ ትክክል ነው። መልሱ ሄሊኮፕተር ስለተጠራ አምቡላንሱ እንዳይቆም ማድረግ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይነሱ። አየሩ ከፈቀደ መንገድ ላይ አስቀድሞ በታወቀ ሜዳ ይገናኛሉ፤ ካልፈቀደ አምቡላንሱ መንገዱን አጋምሷል። ቁጭ ብሎ ሰማይ ማየት ነው የሚገድለው። ካቻምና መንዝ ላይ እነ እህታችን ያደረጉት መጨረሻ ላይ ይኸው ነው፤ ልጁን ያተረፈውም እሱ ይመስለኛል።


ሹፌር_ሸዋሮቢት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡50

አምቡላንስ ስነዳ ሰባት ዓመቴ ነው። ስለ ጉሙ እኔ ልናገር።

ቆላው ከታች ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ። ከዚያ ጣርማ በር ድረስ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ትወጣለህ። ከአፋር በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ለዚህ ነው ደብረ ብርሃን ፀሐይ ሆኖ፣ ሸዋ ሮቢትም ፀሐይ ሆኖ፣ ጣርማ በር ባለው የመኪና ዋሻ አፍ ላይ የፊት መብራትህ የማይታይህ። ደብረ ብርሃን የተቀመጠ ሰው «አየሩ ደህና ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ግን የደብረ ብርሃንን ነው የነገረህ። ጣርማ በርን ሌላ ሰው ይጠየቅ።

እኛ ሹፌሮች ይህን በስልክ ነው የምንፈታው። ከታች የሚነሳው ከላይ ለሚመጣው ይደውላል። «ዋሻው እንዴት ነው?» ነው የመጀመሪያው ቃል፣ ከሰላምታ በፊት። መልሱም «ደህና ነው» አይደለም፤ «የፊቴን መኪና በሃያ ሜትር ነው የማየው» ወይም «እስከ ሁለተኛው ኩርባ ይታያል» ነው። ይህንኑ ለአብራሪ ማድረግ ምን ያቅታል? ደብረ ሲና አንድ ሰው፣ ጣርማ በር አንድ ሰው፣ መንዝ አንድ ሰው። ሄሊኮፕተር ሲነሳ ሦስቱም ይደወልላቸው።

ደግሞ ጉሙ ይንቀሳቀሳል። ከግማሽ ሰዓት በፊት ያየኸው አይሠራም። ያየህበት ሰዓት አብሮ ይነገር።


ካርታ_አንሺ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ስለ ሰዓት ካነሳችሁ አይቀር። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ያልነው በአውሮፓው 10 ሰዓት ነው፤ አብራሪዎች በሚጽፉበት የዓለም ሰዓት ደግሞ 7 ነው። አንዱ ጊዜ ሦስት ስም አለው ማለት ነው። «በ4 ሰዓት ጉሙ ተገፏል» ብላችሁ ለውጭ አገር አብራሪ ብትነግሩት ሌላ ይሰማል። «ከአሁን 20 ደቂቃ በፊት» ማለት ይቀላል፤ ማንም አይሳሳተውም።

የቦታ ስምም እንደዚሁ ነው። «ከገብርኤል በላይ ያለው ሜዳ» ቢባል ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስንት ገብርኤል አለ? ስልካችሁ ላይ ካርታ ከፍታችሁ ነጥቡን ላኩ፤ ቁጥሩን ስታነቡ ግን ዲግሪ በነጥብ ነው ወይስ ዲግሪና ደቂቃ ብላችሁ ለዩ። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ላይ ናት፤ በነጥብ ሲጻፍ 9.68 ነው። «ዘጠኝ አርባ አንድ» ብላችሁ በስልክ ካነበባችሁና ሰውየው 9.41 ብሎ ከጻፈው 30 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይሄዳል። የሰማው ሰው መልሶ ያንብብላችሁ።


ሐኪም_ዘሸዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

ከሕክምናው በኩል ትንሽ ልጨምር። ሄሊኮፕተር ውስጥ እንደ ትልቅ አውሮፕላን የተገፋ አየር የለም፤ ውጭ ያለው ግፊት ውስጥም አለ። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ 3,400 ሜትር ላይ ገደሉን የሚሻገር ታካሚ ሰውነቱ ውስጥ የታሰረ አየር ካለ በሲሶ ገደማ ይሰፋል። ደረቱ የተመታና ሳንባው ዙሪያ አየር የገባበት ሰው መሬት ላይ ሲተነፍስ ቆይቶ አየር ላይ ይታፈናል። ስለዚህ ቼስት ቲዩብ (ያንን አየር ከደረት የሚያስወጣ ቱቦ) የሚገባለት ከሆነ ሳይሳፈር በፊት ይግባ። የመተንፈሻ ቱቦው ፊኛም ይታይ። ኦክስጅን መሬት ላይ ያልፈለገ ታካሚ አየር ላይ ሊፈልግ ይችላል፤ ሲሊንደሩ ሙሉ መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ።

አብራሪውም ሰው ነው። በብዙ አገር ሕግ ከ10,000 ጫማ፣ ማለትም ከ3,048 ሜትር በላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ አብራሪ ኦክስጅን መጠቀም አለበት። መሃል ሜዳ ከተማ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ይደርሳል። ታካሚውን አረጋግታችሁ፣ ሪፈር ጽፋችሁ፣ ቃሬዛው ላይ አስራችሁ ካልጠበቃችሁ እዚያ ከፍታ ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ አብራሪው ነው። የቀኑ ብርሃንም ያልቅበታል፤ እኛ አገር 12 ሰዓት ካለፈ ጨለማው ቸኩሎ ነው የሚመጣው።


አስተማሪ_ሞላሌ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ሕዝቡን እንዴት እንከልክል? መንዝ ላይ ሄሊኮፕተር ከመጣ በግ የሚጠብቀው ልጅም ይመጣል፣ በጉም ይመጣል።


ደብረሲና_ሚኒሶታ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡05

በመከልከል ሳይሆን ሥራ በመስጠት ይመስለኛል። አውስትራሊያ ውስጥ በ1928 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የከብት አርቢዎች ሜዳ ላይ ነው። ማታ ሲመጣ ቤተሰቡ መኪና አስነስቶ ሜዳውን እየነዳ ካንጋሮ ያባርራል፤ መብራት ከሌለም የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል ናፍጣ ነክረው በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያቀጣጥሉና በሜዳው ግራና ቀኝ ይደረድራሉ። ማንም ተመልካች አይደለም። እናንተም ዘንድ ሚሊሻው አንድ ጥግ፣ መምህራኑ አንድ ጥግ፣ የቀበሌው ሰው አንድ ጥግ ይያዙ። ልጆቹ መስመር ላይ ቁጭ ይበሉ፤ የተቀመጠ ልጅ አይሮጥም። በጎቹና ፈረሶቹ ቀድመው ይራቁ፤ የደነበረ ፈረስ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ክንፉ ቆሞ ሳያበቃ መስመሩ አይፈታ። ሲነሳም እንዲሁ፤ ሰው ሲያርፍ ይጠነቀቅና ሲነሳ ይዘናጋል።


ነርስ_ከመንዝ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡30

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቃል ከምሰጥ ሠርቼ ልምጣ ብዬ ነው የዘገየሁት።

ቅዳሜ ከሁለት ባልደረቦቼና ከአንድ መምህር ጋር ሜዳውን ለካነው። በገመድ 58 በ46 ሜትር ነው። ሽቦው በሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ከዳሩ 19 እርምጃ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ምሰሶ እንዳላችሁት ባሕር ዛፍ ውስጥ ተደብቋል። ካቻምና የገቡት በዚያ በኩል ነበር። የዛፎቹ ባለቤት አዛውንት ናቸው፤ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምሰሶው እንዲታይ ሦስቱን ዛፍ እቆርጣለሁ አሉ፤ ገንዘብ አልጠየቁም። በደቡብ ምዕራብ በኩል መግቢያው ክፍት ነው። ነፋሱን ገበሬዎቹ ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን ይዞራል አሉኝ፤ ጽፌዋለሁ።

ሌላም አደረግኩ። «አየሩ እንዴት ነው?» ለሚለው መልስ ከዓይኔ እንጂ ከልቤ እንዳይወጣ ፈለግኩ። የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ የሚታየኝን በርቀት ለካሁት። የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ 400 ሜትር፣ የቴሌ ማማው 1,300 ሜትር፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ጉልላት 2,500 ሜትር፣ ከዚያ ማዶ ያለው ጋራ 6 ኪሎ ሜትር። ወረቀቱን ስልኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ስልኩን የሚያነሳው ማንም ይሁን ማን፣ አዲስ ተረኛም ቢሆን፣ «ማማው ይታያል፣ ጉልላቱ አይታይም፣ አሁን» ይላል። ከሥሩ ሽቦው፣ የሜዳው ነጥብ በሁለቱም አጻጻፍ፣ ክብደት፣ ሙቀት፣ «አምቡላንሱ ተነስቷል?» የሚል አለ። ስለ ታካሚው ሁኔታ ካልተጠየቅን አንናገርም የሚለውንም ጨምሬያለሁ፤ እሱን ስጽፍ ያ ልጅ ፊቴ ላይ መጣ፣ ግን ጻፍኩት።

ለዚያ አብራሪ ደወልኩለት። ወረቀቱን በፎቶ ላክሁለት። ከፍታችንንም ጨምሪበት አለኝ፤ ጨመርኩ።

ወንድሜ ሹፌር_ሸዋሮቢት፣ የጣርማ በሩን ሰው አንተ ትሆናለህ? ቁጥርህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ከነገ ጀምሮ፣ ማንም ባይጠራም፣ ለልምምድ ጠዋት ጠዋት የምናየውን እንለዋወጥ። ይፋት ወንድሜ፣ ደብረ ሲና ያለህ ከሆነ አንተም።


ይፋት_ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡10

ደብረ ሲና ነኝ። ከቤቴ ደጃፍ ገደሉ እስከ ላይ ድረስ ይታያል። ቁጥሬን ልኬልሻለሁ።


ሹፌር_ሸዋሮቢት
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ጣርማ በር፣ ከአሁን አምስት ደቂቃ በፊት። ከዋሻው አፍ ቆሜ ሁለተኛው ኩርባ አይታይም። ነፋሱ ከቆላው ወደ ላይ ነው። ታማሚ ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን እየሄድኩ ነው፤ ስደርስ የዚያን እልካለሁ።